ካማካና የዝንቧ ጆሮ

የሟቹ ባለቤቴ ወንድም ካማካ ዕድሜውን ሙሉ ከጀልባ ሞተር አጠገብ ተቀምጦ ጆሮውን አደከመው። የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ቢያደርግም ድምፁን ያጎላለታል እንጂ ከወዴት እንደመጣ አይነግረውም። ባለፈው ወር በግራው በኩል የነበረች ዋናተኛ ስትጮህ ጩኸቱ ከቀኝ የመጣ መሰለውና ሊሸሽ ጀልባውን ወደ ግራ አዞረ። ለጥቂት ተረፈች። ሴት ልጁ ኖኤ የጀልባውን ቁልፍ ወሰደችበት።

"አቅጣጫ እስክትለይ ድረስ ባሕር የለም፣ አባዬ።"

ከዚያ ወዲህ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያልተቀደደ መረብ ይጠግናል፤ ሲሰለቸው እኔን ይነተርከኛል። ቡናማ ነጠላ ጫማውን እንኳ ከደጃፉ አያነሳም።

በመጨረሻ ሚሳኪ የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት አዲስ መስሚያ ይዛ መጣች። የተሠራው ከአንዲት ዝንብ ጆሮ ተቀድቶ ነው።

"ሁለቱ ጆሮዎቿ አንገቷ ሥር፣ ጎን ለጎን ናቸው" አለችው። "በመካከላቸው ትንሽ ድልድይ አለች። ድምፅ አንዱን ሲጫን ሌላው እንደ ሚዛን ይነሳል። ከየት እንደመጣ የምታውቀው በዚያ ነው።"

"ፌንጣዎቻችንን ዝም ያሰኘችውን ዝንብ ነው ጆሮዬ ውስጥ የምትከቺው?"

እውነቱን ነው። እዚህ ደሴታችን ካዋኢ ላይ ያቺ ዝንብ የሚዘፍነውን ፌንጣ በድምፁ ፈልጋ ውስጡን የሚበላ ትሏን ትጥልበታለች። የተረፉት ዝም ያሉት ናቸው።

"አጎቴ፣ ዝንቧ እኮ ውስጡ የለችም!" አለች ሚሳኪ፤ እዚህ ሽማግሌ ሁሉ አጎት ይባላል።

"ታዲያ ምኗ ነው ያለው?"

"ብልሃቷ።"

በስንት ልመና፣ በስንት ቁጣ አደረገው። ኖኤም በማግስቱ አብራው ወጥታ ልታየው ተስማማች። ጠዋት ወደብ ላይ ሚሳኪ ደስ ብሏት ጮኸች፦ "እንግዲህ ዓሣ ሊያጠምዱ ሲወጡ እንፈትነዋለን!"

ወደቡ ላይ ያለው ሁሉ ዞሮ አያት። ማጥመድ የሚለው ቃል እዚህ አይነገርም፤ ዓሣው ይሰማል። "ዞር ዞር ልል ነው" ነው የሚባለው። ካማካ የበረዶ ሣጥኑን አነሳ።

"አለቀ። ዓሦቹ ሰምተዋል" ብሎ ቤቱ ገባ።

እኔ ግን በግኜ ነበር። በነጋታው ሚሳኪ፣ ካማካ ገና ከጆሮው ያላወለቀውን መስሚያ ልትወስድ ስትመጣ ከጓሮው ማንጎ ዛፍ ኋላ የወደቀ እየለቀምኩ አጉረመረምኩ፦ "ግትር ሽማግሌ! ለዓሣ ጆሮ ይጨነቃል፣ የራሱን ግን…"

"አንቺ ከማንጎው ኋላ ያለሽው!" አለ ካማካ ከበረንዳው፣ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ወደ እኔ። "ሰምቼሻለሁ።"

ይህን ያየችው ኖኤ ልትፈትነው ከመኪናዋ ጀርባ ተደብቃ በቀስታ "አባዬ" አለች።

"አንቺ ደግሞ ከመኪናው ኋላ ምን ትሠሪያለሽ?"

ኖኤ ብቅ አለችና የጀልባውን ቁልፍ ወረወረችለት። እሱም መረቡን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነጠላ ጫማውን አጠለቀ። ሚሳኪ ልትናገር አፏን ስትከፍት ሮጬ በእጄ ከደንኩት።

"ዞር ዞር ሊል ነው" አልኳት።