ለትርፌ የመጣ ጧፍ

ጥር አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አርባ መጽሐፍ በማዳበሪያ ጆንያ ቋጥሬ ልደታ ካለው ቤታችን ወጣሁ። መጽሐፉ የራሴ ነው። ራሴ ጻፍኩት፣ በመሥሪያ ቤቴ የጽሕፈት መኪና ራሴ መታሁት፣ ሰንጋ ተራ ባለች አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት በገዛ ገንዘቤ አሳተምኩት። አሁን ደግሞ ራሴው ተሸክሜ ልሸጠው ነው። ደራሲ መሆን እንዲህ ትከሻ እንደሚያቆስል ማንም አልነገረኝም ነበር!

በደርግ ዘመን የካቶሊክ ልብ ወለድ መጻፍ ምን እንደሚመስል ላስረዳ። ገና በረቂቅ ሳለ ተክለ ሃይማኖት ላሉ መጽሐፍ ነጋዴዎች ባሳያቸው፣ «ጋሼ፣ ጸሎት በዝቶበታል፤ ማን ደፍሮ ይገዛዋል?» አሉኝ። የመንፈሳዊ መጻሕፍት መሸጫ ውስጥ ያሉት ሲስተር ደግሞ ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ «ልጄ፣ እኛ ልብ ወለድ አንሸጥም፤ የቅዱሳን ታሪክ ካለህ አምጣ» አሉኝ። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ፣ ሽፋኑ ሲታተም «ልብ ወለድ» የሚለውን ቃል አስወጥቼ «የትርፌ ታሪክ» ብቻ አስባልኩት። ይህችን ብልጠቴን አስታውሷት፤ ኋላ ትመጣለች።

የምሄደው እናቴ ወደተጠመቀችበት ሰበካ፣ ከወልቂጤ ወዲያ ወዳለ የጉራጌ አገር ነው። የአስተርዮ ማርያም ዕለት ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ቆሞሱ አባ ዮሴፍ «ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን እናገርልሃለሁ» ብለው ጽፈውልኝ ነበር።

እኅቴ ማርታ ሸኘችኝ ብዬ አልዋሽም። በሩን ከኋላዬ ቀርቅራ ተመለሰች። እናታችን ያረፈችው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ማርታ ያኔ ሆሳዕና ከተማ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ስለነበረች ለቀብር እንኳ አልደረሰችም። «ንስሐ ገብታ፣ ቀንዲል ተቀብታ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ «አዎ፣ ቄስ አምጥቼላት ሁሉን ተቀብላ ነው» አልኳት። መጽሐፌ ውስጥ ግን ትርፌ የምትባል እናት፣ ልጇ ዝናብ ፈርቶ ቄስ ሳይጠራላት ትሞታለች። ማርታ እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ሣጥኑ ላይ ደፋችውና፣ «የእማዬስ?» አለችኝ። «ልብ ወለድ እኮ ነው!» አልኳት። ከዚያ ወዲህ «ምሳህ ቀርቧል» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም።

አውቶቡስ ተራና ኬላ

የወልቂጤ አውቶቡስ ሰባት ብር ነው። ጆንያዬ ጣራ ላይ ወጣ፤ ለጫኙ ሃምሳ ሳንቲም ሰጠሁ። የቀበሌ የይለፍ ወረቀቴን በደረት ኪሴ፣ ሳንሱር ገጽ በገጽ ማኅተም የመታበትን ረቂቅ በብብቴ ይዤ ተቀመጥኩ። ያለዚያ ረቂቅ ንቅንቅ አልልም ነበር።

አለም ገና ኬላ ላይ ሁላችንንም አስወረዱን። አንድ ወጣት ወታደር ጆንያዬን ከጣራ አስወርዶ አስፈታኝ።

«ምንድን ነው?»

«መጽሐፍ።» ማኅተሙን አሳየሁት።

«ስለ ምን ነው የሚያወራው?»

«ስለ አንዲት እናት።»

«ትሞታለች?»

«አዎ፣ ትሞታለች።»

«እንግዲያው አላነበውም» አለና መልሼ እንድቋጥረው በእጁ አመለከተኝ። እስካሁን ካየሁት የመጽሐፍ ሐያሲ ሁሉ ቅኑ እሱ ነው።

ከሰበታ ወዲያ መንገዱ ይለጠጣል። የጤፉ ማሳ ታጭዶ ገለባው በየሜዳው ተከምሯል። ቱሉ ቦሎ ስናልፍ ረቂቁን ገለጥኩና ያቺን ቀይ መስመር አየኋት። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ልጁ ሰዓት እላፊ ፈርቶ እንደቀረ ነበር። የሳንሱሩ ሰውዬ ግን በቀይ እርሳስ ሰረዘና፣ «ዝናብ አድርገው፤ ዝናብ ማንንም አያስቀይምም» አለኝ። አደረግኩት። ይህ ሰውዬ የመጽሐፌን መጨረሻ አበላሸብኝ እያልኩ ለጓደኞቼ ስንት ጊዜ አማርሬአለሁ!

ወሊሶ ላይ ቁርስ አደረግን፤ ፍርፍርና ሻይ ብር ከሃምሳ። ወልቂጤ ስድስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ ስለሌለ፣ ጨው በጫነች አንዲት ላንድሮቨር ላይ በሁለት ብር ተንጠላጠልኩ። መንገዱ ቀይ አቧራ፣ ግራና ቀኙ እንሰት ነው። አሥር ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስወርድ ጸጉሬም ሽፋሽፍቴም ቀልቷል። አባ ዮሴፍ፣ ስድሳውን የተሻገሩ ቀልደኛ ቄስ፣ አዩኝና፣ «ደራሲ መጣ ስንል ሸክላ ሠሪ መጣ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ራት ቆጮ በጎመንና በአይብ ቀረበልኝ። እናቴ አዲስ አበባ ሆና ዘወትር የምትመኘው ጎመን ይኸው ነው። ጎረሥኩና ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በሚጥሚጣው አሳበብኩ።

የበዓሉ ዋዜማ

በዚያ ሰበካ አንድ ልማድ አለ። በዋዜማው ከቀትር በኋላ፣ ከሩቅ የመጡት ሰዎች ግቢው ውስጥ ባለው ዝግባ ሥር ይቀመጡና የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ የአንድ ቅዱስ ወይም የአንዲት ቅድስት ታሪክ ያነብላቸዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ያነባል፤ ያንኑ በጉራጊኛ ይደግመዋል። መምህር ሳህሌ ይባላል፤ ድምፁ ማይክራፎን አያሻውም። በዚያ ዓመት አባ ዮሴፍ ሊያስደስቱኝ ብለው የእኔን ቀጭን መጽሐፍ ሰጡት።

ከኋላ ግንድ ተደግፌ አዳመጥኩ። ኧረ ምን ልበላችሁ! የጻፍኩትን ሰው ሲያነብልኝ ስሰማ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ትርፌ ስትታመም ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። ልጁ ዝናቡን አይቶ በሩን መልሶ ሲዘጋ ከመካከላቸው አንዷ በጉራጊኛ ተራገመች። ትርፌ ስትሞት አለቀሱ። ልቤ አብጦ ሸሚዜን ሊቀድ ደረሰ። ነገ አርባውም ያልቃል ብዬ ደመደምኩ።

ንባቡ ሲያበቃ ሰዎች ወደ አባ ዮሴፍ ይጎርፉ ጀመር። መጽሐፍ ሊጠይቁ መስሎኝ ተጠጋሁ። ፊት የነበሩት እማማ ደስታ የሚባሉ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ አሮጊት ናቸው። እጃቸው ላይ አንድ ጧፍ ይዘዋል።

«አባ፣ ነገ ለዚያች ለትርፌ ይቀድሱላት። ያለ ንስሐ ሄዳለች፤ ታሳዝናለች» አሉ።

ከኋላቸው ሌሎች ስድስት ሰባት ሰዎች ጧፍ ይዘው ቆመዋል። አባን በክንዳቸው ይዤ ወደ ጥግ ወሰድኳቸው።

«አባ፣ ትርፌ የለችም።»

«ሞታለቻ! እነሱስ ምን አሉ?»

«አልኖረችም ማለቴ ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ልብ ወለድ ነው።»

አባ ሽፋኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ሽፋኑን አዩ። «የታለ ልብ ወለድ የሚለው?»

ብልጠቴን ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ላልተወለደ ሰው ፍትሐት አላደርስም። ምእመናኔንም በነገው ቀን አላታልልም። ያታለልካቸው አንተ ነህ፤ ሂድና ራስህ ንገራቸው» አሉኝ።

ዝግባው ሥር ቆምኩ። «ወገኖቼ፣ ትርፌ የምትባል ሴት የለችም። ከልቤ አውጥቼ የጻፍኳት ናት። ሽፋኑ ላይ መጻፍ ነበረብኝ፤ አልጻፍኩም። ይቅር በሉኝ» አልኩ። መምህር ሳህሌ ተረጎመው። ማጉረምረም ሆነ። አንድ ሽማግሌ፣ «ታዲያ ለሐሰት ነው ያስለቀስከን?» አሉ።

እማማ ደስታ ግን ዓይናቸውን ከእኔ አላነሡም። በአማርኛ ጠየቁኝ፦ «ልጁስ? ያ ዝናብ የፈራው? እሱም የለም?»

«የለም» ማለት ይቻል ነበር። አንድ ቃል ናት። ለማርታ «ልብ ወለድ እኮ ነው» ብያት የለ? እናቴ የተጠመቀችበት ቤት ከጀርባዬ ነው፤ ሴትዮዋ ጧፋቸውን እንደያዙ ናቸው።

«ልጁ አለ» አልኩ። «ልጁ እኔ ነኝ። ዝናብ አልነበረም። የቄሱ ቤት ከእኛ አራተኛው አጥር ነበር፤ እናቴ ‘ጥራልኝ’ አለችኝ፤ ፈራሁና ‘ሲነጋ’ አልኳት። ሳይነጋ ሞተች።»

ያን የሰዓት እላፊ ዘመን ሁሉም ያውቀዋልና ምን ፈርተህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። መምህር ሳህሌ ሲተረጉም ድምፁ አነሰ። እማማ ደስታ ምርኩዛቸውን እየተከሉ ቀረቡኝ። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«እናትህ ስም አላት አይደል?» አሉኝ። «ጧፌን መልሼ አልወስድም።»

አስተርዮ ማርያም

በማግሥቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቅዳሴ ገባን። ቤተ ክርስቲያኑ አልበቃ ብሎ ሕዝቡ ሣሩ ላይ ፈሷል። አባ ዮሴፍ የሙታንን ስም ሲጠሩ «ወለተ ሥላሴ» አሉ። እናቴ ናት። ከዚያ ከዋዜማው የቀሩት ጧፎች ሁሉ ለእሷ በሩ። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ እንኳ አላበራሁላትም ነበር፤ ላበራላት ስነሣ የዋሸሁት እየታወሰኝ እቀመጥ ነበር። አፍሬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከቅዳሴ በኋላ አባ ቃላቸውን ጠበቁና ስለ መጽሐፉ ተናገሩ፤ «ልብ ወለድ ነው፤ ተጠንቀቁ፣ ያስለቅሳል» አሉ። ሦስት ብር እየከፈሉ ወሰዱ። እኔም እያንዳንዱ ሽፋን ላይ በእስክሪብቶ «ልብ ወለድ» እያልኩ ጻፍኩ። እማማ ደስታ ማንበብ አይችሉም፤ «የልጅ ልጄ መሠረተ ትምህርት ጨርሳለች፤ ትልቅ አድርገህ ጻፍላት» አሉኝ።

ወደ ልደታ

ጥር ሃያ ሁለት በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ጆንያው ባዶ ስለነበረ አጣጥፌ ተቀመጥኩበት። ለፍቼ የተማርኩት ነገር ቢኖር አንባቢ ደራሲውን አምኖ የልቡን እንደሚሰጠው ነው፤ በዚያ ላይ ብልጥ መሆን ነውር ነው። የሳንሱሩን ሰውዬም ማማት ትቻለሁ። ሰዓት እላፊውም ሆነ ዝናቡ ያው ሰበብ ነው፤ እኔ ነኝ ያልሄድኩት።

ቤት የደረስኩት ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ማርታ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። አቧራዬን ሳላራግፍ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ እዚያው ቆሜ ነገርኳት። ቄስ እንዳላመጣሁ፣ እንደዋሸኋት፣ እናታችን ሦስት ጊዜ እንደጠየቀችኝ። ከዚያ ጧፎቹን ነገርኳት። የያዘችው አንሶላ ከእጇ መሬት ላይ ወደቀ፤ ሁለታችንም አላነሣነውም።

«ስሟን ጠሩት?» አለች።

«ጠሩት። ወለተ ሥላሴ ብለው።»

ወደ ቤት ገባች። የተቆጣች መስሎኝ ደጅ ቀረሁ። ስትመለስ ሣጥኑ ላይ የተደፋውን መጽሐፍ ይዛ ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ሰጠችኝ።

«ካቆምኩበት አንብብልኝ» አለች።

አጠገቧ ተቀምጬ ገለጥኩ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ዝናቡ አለ። ጣቴን መስመሩ ላይ አቆምኩ።

«ዝናብ አልነበረም» አልኳት።

«አልነበረም» አለች፤ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «ቀጥል።»