የኦቦ ደበላ ሽጉጥ ቅቤ ሲጎርስ

ዛሬ ሰፈራችን ፉሪ ላይ ተኩስ ሰምቼ መሬት ላይ በደረቴ እንደተኛሁ እልል አልኩ።

ጎረቤቴ ኦቦ ደበላ የባሩድ ሽጉጥ አላቸው። የጥንት አይደለም፣ በጥንቱ አምሳል የተሠራ ነው። ባሩዱን በእጃቸው ያጎርሱታል፣ ክብ የእርሳስ ጥይቷን ይጠቀጥቃሉ፣ ከዚያ እሳቱ ከአንዱ የጥይት ቀዳዳ ወደ ጎን ወዳለው እንዳይዘል የቀዳዳዎቹን አፍ በቅቤ ይደፍናሉ። (ሽጉጡ ዛሬ ከእኔ የተሻለ ምሳ በልቷል።)

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገድ ስለተዘጋ ልጃቸው ጠዋት ምጥ ሲይዛት ከቤት መውጣት አልቻለችም። ሐኪም ቤት የሚያደርሳት መኪና አልተገኘም። ከሰዓት በሰላም ስትገላገል እሳቸው ሽጉጡን ይዘው ወጡና ወደ ባዶው ጋራ ተኮሱ።

ነጭ ጭስ ዋጣቸው። ባለሱቁ በሩን ጠረቀመ። መንገደኛው ሁሉ መሬት ላይ ተዘረጋ። ሲያጎርሱት አጥር ጥግ ቆሜ ያየሁት እኔ እንኳን አብሬ ተኛሁ! ሰሞኑን ተኩስ ሲሰማ ከሞት ሌላ ነገር ማሰብ ትተናል።

ከጭሱ ውስጥ ድምፃቸው መጣ፦ «ኢንተላ! ሴት ልጅ ናት! ተነሡ እንጂ!»

አቧራችንን ሳናራግፍ እልልታው ቀለጠ። ሰፈሩ በሙሉ የተቃጠለ ቅቤ ይሸታል።

እናንተስ ሰፈር፣ «ተነሡ» ያላችሁ ተኩስ አለ?