የፊተኛው ወንበር፤ አንድ ክረምት በነቀምቴ

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል ተብሎ እኔና አባዬ ከአሥራ አንድ ተኩል ጀምሮ ዝናብ ውስጥ ቆመናል። ሐምሌ ሊያልቅ ነው። ረዳቱ የሰዉን ጓዝ እየተቀበለ ጣሪያ ላይ ይጭናል፤ ቅርጫት፣ የታሰረ ፍራሽ፣ ሁለት ዶሮ። ወደ ቫዮሊኔ እጁን ሲዘረጋ ሳጥኑን ደረቴ ላይ አቀፍኩት።

«ምንድን ነው? ሕፃን አስመሰልሽው እኮ!»

«ቫዮሊን ነው» አለው አባዬ። «ልጄ ነቀምቴ ልትማር ነው፤ ኦርኬስትራ ገብታ!»

ረዳቱ ኦርኬስትራ ምን እንደሆነ አልጠየቀም።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ነቀምቴ ያለ አንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት በክረምቱ ዕረፍት ወጣት ሙዚቀኞችን ሰብስቦ፣ አራት ሳምንት እያሳደረ ያስተምራል ሲባል ሰምቼ አመለከትኩ። ማመልከቻው «ኖታ ታነቢያለሽ?» ይላል። «አዎ፣ በደንብ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸቴን ነው። ያስተማሩኝ የሰፈራችን አርመናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ይጫወታሉ፣ እኔ በጆሮዬ ይዤ እደግማለሁ። አምስት ዓመት የተማርኩት እንዲህ ነው። አባዬ ይህን አያውቅም።

ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፣ ባኮ

አስፋልቱ አምቦ ላይ አለቀ። ከጉደር ወዲህ ያለው ጭቃ ነው፤ የጌዶን ዳገት የወጣነው ሁለቴ ወርደን ገፍተን ነው። ጉሙ ከመስኮቱ ውጪ ያለውን ሁሉ ሸፍኖት ነበር። ባኮ ወርደን የቆላው ሙቀት ሲቀበለን ሹራቤን አወለቅኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት ኦቦ ገለታ የነቀምቴ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከዳቧቸው ቆርሰው ሰጡኝ።

«ኛዱ፣ ብዪ። እዚያ ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ኦሮምኛስ?»

«አልችልም።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ምንም አይደል፣ ሰዉ ደግ ነው። ብቻ መጀመሪያ ሰላም በዪ። አካም ጂርቱ በዪ። ሰላም ያላለ ሰው እኛ ዘንድ አልመጣም ማለት ነው።»

እስከ ሲሬ ድረስ ሰላምታ ሲያስጠኑኝ ቆዩ።

ሰኞ፣ ሲመሽ፣ ነቀምቴ

ቀይ ጭቃ፣ የባሕር ዛፍ ጢስ፣ ዝናብ የሚደበድበው ቆርቆሮ። ኦቦ ገለታ ቡርቃ ጃቶ በሚሉት ሰፈር በኩል እስከ ትምህርት ቤቱ በር አደረሱኝና ሄዱ።

የሴቶቹ መኝታ ቤት አሥራ ስድስት አልጋ አለው። ከጊምቢ፣ ከመንዲ፣ ከደምቢ ዶሎ የመጡት ልጆች አስቀድመው ይተዋወቃሉ፤ በየሚሲዮኑ በመዘምራን አብረው ያደጉ ናቸው። ተቃቅፈው ይሳሳማሉ፣ ይጮኻሉ። በሩ ላይ ቆሜ «አካም ጂርቱ» አልኩ። ሁሉም ዞሩ፣ በአንድ ድምፅ መለሱልኝ፣ ቀጥሎም ብዙ ነገር ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው ቃል አልነበረኝም። በአማርኛ አዲስ አበባ አልኳቸው። በትህትና አልጋዬን አሳይተውኝ ወደ ወጋቸው ተመለሱ።

ረቡዕ፣ ጠዋት

መምህርቷ ፈረንጅ ናቸው፤ ሁላችንም «ሚስ» ነው የምንላቸው። የጃንሆይ ፎቶግራፍ በተሰቀለበት አዳራሽ ወንበሮቹን በግማሽ ክብ ደርድረው፣ ማመልከቻዎቻችንን እያዩ አስቀመጡን። እኔን ከቫዮሊኖቹ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ አያንቱ የምትባለውን የጊምቢ ልጅ ከጎኔ። አያንቱ ኖታ የምታነበው እኔ ጋዜጣ እንደማነበው ነው። በአንድ ማስቀመጫ ላይ አንድ ወረቀት ለሁለት እናያለን፤ ለኔ ወረቀቱ ላይ ያለው ጉንዳን ነው።

ሚስ እጃቸውን አነሱ። የአያንቱን ጣቶች በዓይኔ ጥግ እየተከተልኩ ደጋኔን ጎተትኩ፤ ሁልጊዜ ቅንጣት ታህል እዘገያለሁ። ሁለተኛ ሲደገም ግን ዜማውን በጆሮዬ ይዤው ነበር። ሚስ ፈገግ አሉልኝ። አያንቱ ግን ገጹን ስትገልጥ አላየችኝም።

የፍልሰታ ሁለተኛ ቀን

እዚህ የምጾመው እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ እኩለ ቀን ላይ በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ተሰብስበው ጸልየው ሲበሉ እኔ በረንዳ ላይ ዝናቡን አያለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወጥ ቤቷ አዴ ብርቄ በመስኮት ይጠሩኛል፦ «ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ!» ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። ሽሮና ጎመን ለብቻ ያስቀምጡልኛል። አማርኛቸው ከኔ ኦሮምኛ ብዙም አይሻልም። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ስበላ ያዩኛል። በቀን ውስጥ ሰው የሚጠራኝ ያኔ ብቻ የሆነበት ቀን አለ።

ሐሙስ፣ ሁለተኛው ሳምንት

ዛሬ ሚስ አዲስ ወረቀት አደሉ። «የፊተኞቹ ለየብቻ። አንቺ ጀምሪ፣ ከሦስተኛው መስመር።»

ከማንም ያልሰማሁት ነው። ደጋኑን አነሳሁና የመጣልኝን ተጫወትኩ። ከኋላ አንድ ልጅ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሚስ ግራ ገብቷቸው «እሺ፣ አያንቱ» አሉ። አያንቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴም ሳትሳሳት አነበበችው።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ደረስኩባት።

«አያንቱ፣ እኔ ኖታ...»

«አውቃለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ቫዮሊኗን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። «አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ። በየቀኑ ዛሬ ትናገራለች እላለሁ። ያ ወንበር ለኔ የሚገባ ነበር። አባቴ የመጨረሻው ቀን ላይ ሊሰማኝ ከጊምቢ ይመጣል።»

ጥላኝ ሄደች። ዝናቡ ውስጥ ግቢውን ሁለቴ ዞርኩትና የሚስን በር አንኳኳሁ። ሲያዳምጡኝ አልተቆጡም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉ። «ነገ ቦታሽ ከመጨረሻው ነው» አሉ። «ከምሳ በኋላ ደግሞ በየቀኑ እኔ ዘንድ ትመጫለሽ። በቀን አንድ መስመር።»

ቅዳሜ፣ ጉቴ

በጭነት መኪና ጉቴ ሄድን፤ ኦርኬስትራው እዚያ ባለ ትምህርት ቤት ደጅ ላይ ለገበያተኛው ሊጫወት። የመጨረሻው ወንበር ጎደሎ ነው፣ ጎረቤት የለውም። ዛሬ ግን እሱም ላይ አልተቀመጥኩም፤ ሥራዬ ወረቀቶቹን ነፋስ እንዳይወስዳቸው መያዝ ነበር።

በቅሏቸውን የያዙ ሽማግሌ ገበሬ ቀረቡና በተሰባበረ አማርኛ ጠየቁኝ። «አንቺስ? ለምን አትጫወቺም?»

«ማንበብ አልችልም፣ አባቴ።»

«እኔም አልችልም» አሉና ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። ፊደሉን መስሏቸው ነው። ከሳምንት በላይ ስሸሽገው የኖርኩትን ለማላውቀው ሰው መናገሩ ይህን ያህል ቀላል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቀና ስል አያንቱ ከፊተኛው ወንበር ላይ እያየችን ነበር። ወዲያው ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

እሑድ፣ የመጨረሻው ቀን

አዳራሹ በወላጅ ሞላ። በቅል እርጎ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ዳቦ ይዘው መጡ። የአያንቱ አባት ረጅም ናቸው፣ ካፖርታቸው እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሷል፤ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ቁጭ ብለው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከአምስቱ ሙዚቃ እኔ የተጫወትኩት አንዱን፣ ዝግ የሚለውን ነው። የማንንም ጣት አላየሁም። አሥራ አራቱን መስመር አንድ በአንድ አነበብኩ። ጭብጨባው ውስጥ የኔን ስም የሚጠራ አልነበረም፤ እንዲኖርም አልጠበቅኩም።

ሲያበቃ የአያንቱ አባት ልጃቸውን ግንባሯን ሳሙ። ልቀርብ ፈልጌ ነበር፤ ወንበሮቹን ማንሳት ግን ቀለለኝ።

ሰኞ፣ መልስ

ጠዋት ከምዕራብ የመጡት ልጆች በአንድ መኪና እየዘመሩ ወደ ጊምቢ ሄዱ። አያንቱ ከተሳፈረች በኋላ ጎንበስ ብላ «ዝግ ያለውን ስትጫወቺ ሰምቼሻለሁ፤ አልዘገየሽም» አለችኝ። መኪናው ተነሳ። ወዲያው መንገዱን ታጠፈ።

የምሥራቁን አውቶቡስ ብቻዬን ተሳፈርኩ። ጉቴ፣ ሲሬ፣ ባኮ፣ ጌዶ። ከማንም ጋር ሳልነጋገር አዲስ አበባ ገባሁ፤ መብራት በርቶ ነበር። አባዬ አንድ ሱቅ ጥግ ተጠልሎ ይጠብቀኝ ነበር። ጉንጬን ስሞኝ፣ ከስቼ እንደሆነ አገላብጦ አየኝና፣

«እሺ፣ ጓደኛ አፈራሽ?» አለኝ።

«አባዬ፣ አንዲት ልጅ በድዬ ነው የመጣሁት።»

ፈገግታው ጠፋ። ሳጥኑን ከእጄ ተቀበለኝ።

«እየሄድን ንገሪኝ» አለ።