በኅዳጉ ላይ የተተወ ቦታ

ቅዳሜ ሰኔ 21 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ደብረ ማርቆስ ካለው ቤቴ ሆኜ መቶ አርባ ስድስተኛውንና የመጨረሻውን የንባብ ደብዳቤ በኢሜይል ላክሁ።

ለስድስት ዓመት ያህል በየሁለት ሳምንቱ ስላነበብሁት የታሪክ መጽሐፍ እጽፍ ነበር። እንጀራዬ የዜና ሥራ ነው፤ ደብዳቤው የግሌ ነበር። ተቀባዮቹ ሁለት መቶ አይሞሉም። ያቆምሁት ደክሞኝ አይደለም። ከጥቂት ወራት ወዲህ መጽሐፍ ሳነብ ገና ነገሩ ሳይገባኝ ለደብዳቤው የሚሆን ዐረፍተ ነገር እየፈለግሁ ማስመር ጀምሬ ነበር። ይህን ካስተዋልሁ በኋላ ሌላ ምክንያት አላስፈለገኝም። ስንብቱን በአምስት አንቀጽ ጽፌ ላክሁና ልብሴን ላጥብ ወጣሁ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ሴት ናት።

«ጋሼ፣ ደብዳቤውን የሚጽፉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ከይጁቤ ነው የምደውለው። ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አባቴ አይቆምም ይላል።»

«ምኑ ነው የማይቆመው?»

«ደብዳቤው ነዋ! የቅዳሜውን አትሜ ስሰጠው ምሳውን ትቶ ተነሣ። አንድ ነገር ሳያርም እንዴት ያቆማል ነው የሚለው። ይኸው ሁለት ቀን ሙሉ እኔን ይቆጣል። እኔ ምን አደረግሁ?»

በዝርዝሬ ውስጥ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት አድራሻ እንዳለ አውቅ ነበር። አንድም ቀን መልስ ስላልመጣበት ሁለት ጊዜ ልሰርዘው አስቤ ትቼዋለሁ። ለካ አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ የብራና መጽሐፍ ሲገለብጡ የኖሩ። ደብዳቤው በደረሰ ቁጥር አትማ ትሰጣቸዋለች።

«ምን ይታረም አሉ?»

«ሃምሳ አንደኛው ላይ የእኛ ደብር መጻሕፍት ተቃጠሉ ብለው ጽፈዋል። አልተቃጠሉም።»

ስልኩን ዘግቼ ሃምሳ አንደኛውን ከፈትሁ። አራት ዓመት ሆኖታል። «ቤተ ክርስቲያኑ በጠላት ዘመን ሲቃጠል መጻሕፍቱም አብረው ነደዋል» ይላል። ይህን ያገኘሁት ከአንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር። በሥራዬ አንድን ነገር ሁለት ምንጭ ሳይኖረኝ ወይም ሄጄ ሳላይ አልጽፍም። ያን ቀን ግን የመጽሐፉ ደራሲ የተከበረ ሰው ስለሆነ አምኜ አለፍሁ። ቦታው ከቤቴ የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም።

እሑድ ሰኔ 29 ቀን፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሁለት ሰው ጠይቄ ካጣራሁ በኋላ፣ ከመናኸሪያ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። ልጅቱ ይጁቤ ላይ በቦቲ ጫማ ሆና ጠበቀችኝ። እግሬን አየችና ሳቀች።

«በዚህ ጫማ ነው እዚያ የምንደርስ?»

ጭቃ ለጭቃ አንድ ሰዓት ተጓዝን። ደብሩ ስንደርስ ቅዳሴ አልቋል። መሪጌታው መቋሚያቸውን ተደግፈው ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ቆመዋል።

«የኔታ፣ እንደምን አሉ?» አልሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። መጻሕፍታችንን ያቃጠልሃቸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ና፣ ዐመዱን ላሳይህ።»

ዕቃ ቤቱ ሦስት ቁልፍ አለው። ሦስቱን የሚይዙት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ አይከፈትም። ቄሰ ገበዙና ሁለት ሽማግሌዎች እኔን ብለው ቁርሳቸውን ሳይቀምሱ ቆይተዋል። አንደኛው ሽማግሌ ቁልፉን እያዞሩ «ጋዜጠኛ ሲባል ወፍራም ሰው መስሎኝ ነበር» አሉ።

መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አውጥተው በነጭ ጨርቅ ላይ አኖሯቸው። እኔ አልነካሁም፤ ቅጠሉን የሚገልጡት የኔታ ናቸው። ዘጠኝ ቆጠርሁና በማስታወሻዬ ጻፍሁ። የሽፋናቸው የእንጨት ገበታ በእጅ ብዛት ለስልሷል። ብራናው ሲገለጥ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፤ ቀለሙ ግን ዛሬ የተጻፈ ያህል ጥቁር ነው። በአንደኛው መጨረሻ፣ ባዶ በነበረው ገጽ ላይ፣ በሌላ እጅ የተጻፈ ዝርዝር አለ። የዚያን ጊዜው ቄስ ቤተ ክርስቲያኑ ከመቃጠሉ በፊት የትኛው መጽሐፍ ለየትኛው ቤተሰብ እንደ ተሰጠ መዝግበዋል። ዘጠኝ መጽሐፍ፣ ዘጠኝ ቤት። የኔታ እንደ ነገሩኝ በየቤቱ ጎታ ውስጥ፣ ጤፍ ተሞልቶባቸው፣ ጠላት እስኪወጣ ድረስ ተቀምጠዋል።

«ይህን ደግሞ እይ» አሉና የአራተኛውን መጽሐፍ ስፌት በጣታቸው ከፈት አደረጉት። በክሩና በብራናው መካከል አንዲት የጤፍ ፍሬ ተሰክታለች። ጎንበስ ብዬ አየኋት። ትንፋሼ እንዳያነሣት ፈርቼ አፌን በእጄ ያዝሁ። ብዙ ነገር አይቼ ጽፌአለሁ፤ ባየሁት ነገር ፊት መጻፍ ትቼ ብዕሬን ያስቀመጥሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

«ማንም አያወጣትም» አሉ ቄሰ ገበዙ። «ምስክር ናት።»

ከዚያ የኔታ ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ከመደቡ ላይ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ወፍራም ጥራዞች አንሥተው ጉልበቴ ላይ አኖሩልኝ። ገለጥሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ነው። ሁለተኛው ይከተላል። ሦስተኛው። በመዝገብ ወረቀት ላይ፣ ራሳቸው ከጥላሸት ባዘጋጁት ቀለም፣ በመቃ ብርዕ፣ በሁለት ዓምድ፣ አንድ መስመር ሳይጎድል ተገልብጧል። የመጻሕፍቱ ስም በቀይ ነው። እኔ የጻፍሁበት ጋዜጣ በማግሥቱ ስኳር ሲጠቀለልበት አይቻለሁ፤ ቅርም ብሎኝ አያውቅም። ይህን ግን ጣቴን በልብሴ ጠርጌ ነው መግለጥ የቀጠልሁት።

ቀስ ብዬ ስገልጥ በእያንዳንዱ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ሌላ ቀይ መስመር አየሁ። «ከዝርዝሩ ለመውጣት እዚህ ይጫኑ» ይላል። ኢሜይሉ ራሱ ከሥር የሚጨምረው ነው።

«የኔታ፣ ይህ ለምን በቀይ ሆነ?»

«በሁሉም መጨረሻ ላይ ሳይለወጥ አገኘሁታ። እንዲህ ያለ መዝጊያ በቀይ ነው የሚጻፍ። ምን ማለት ነው?»

ነገርኋቸው። ልጅቱ ከበሩ አጠገብ ሆና በሳቅ ፈረሰች።

«ስንት ጊዜ ነገርሁት፣ ጋሼ! አንቺ አትሚ እንጂ አትተርጉሚ ይለኛል።»

«ታዲያ የወጣ ሰው አለ?» አሉ የኔታ።

«ጥቂቶች ወጥተዋል።»

«እኔ አልተጫንሁም።»

ሃምሳ አንደኛውን ራሳቸው ገለጡልኝ። የተሳሳተው ዐረፍተ ነገር እንዳለ ሰፍሯል። ከጎኑ በኅዳጉ ላይ ትንሽ የመስቀል ምልክት አለች፤ ከምልክቷ በታች በሌሎቹ ገጾች የሌለ ሦስት ጣት የሚሰፋ ባዶ ቦታ ተትቷል።

«ሐሰት መሆኑን እያወቁ ለምን አላረሙትም?»

«የጻፍኸው አንተ ነህ፤ እኔ ገልባጭ ነኝ። አንዲት ቃል ብለውጥብህ የቀረውን ማን ያምነኛል? አንተ ደግሞ ከደብዳቤህ ሥር እርማት ትጽፋለህ። አንድ ጊዜ የሰው ዕድሜ በአንድ ዓመት ስተህ ይቅርታ ጠየቅህ። እንዲህ ያለ ሰው ይህንንም ይደርስበታል ብዬ ቦታ ተውሁልህ።»

«አራት ዓመት ሙሉ?»

«እደውላለሁ ስለው እንቢ አለኝ» አለች ልጅቱ።

«በራሱ ይደርስበት ብዬ ነዋ። ስታቆም ግን ጨነቀኝ። እነዚህን መጻሕፍት ነገ ሌባ ቢወስዳቸው፣ ነደዋል ተብሎ የተጻፈውን ማን አለ ብሎ ይፈልጋል? ዓይኔም ለዚህ ክረምት ይበቃኛል፤ ለሚመጣው አላውቅም።»

ቦታው ስንት ቃል እንደሚይዝ ጠየቅሁ።

በጣታቸው ለኩት። «ሃያ።»

በሥራዬ ለአርታኢ መጥኖ መጻፍ ለምጃለሁ። እንደዚህ ግን መጥኜ አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ጻፍሁ፣ ሰረዝሁ፣ ቆጠርሁ። ቅዳሜ ሐምሌ 5 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መቶ አርባ ሰባተኛውን ደብዳቤ ላክሁ። ይህን ብቻ ነው የያዘው፦

«በሃምሳ አንደኛው ደብዳቤ መጻሕፍቱ ነደዋል ብዬ ጽፌ ነበር። ስሕተት ነው። ዘጠኙን መጻሕፍት ሰኔ 29 ቀን በደብሩ ተገኝቼ በዓይኔ አይቻለሁ።»

እሑድ ሰንበት ነው። ሰኞ ሐምሌ 7 ሥላሴ ስለሆነ የኔታ ብርዕ አያነሡም። ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቱ በስልኬ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። አጉልቼ ቆጠርሁ። አሥራ ዘጠኙም ቃል በኅዳጉ ገብቷል። ከሥሩ በቀይ ቀለም «ከዝርዝሩ ለመውጣት እዚህ ይጫኑ» ይላል።