ትከሻዬ አድማ የመታ ሰሞን

በእስክስታ ከጉለሌ እስከ እንጦጦ ማርያም የሚደርስብኝ የለም። ትከሻዬን ስሰብቀው ተራራው ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ሁሉ ያረግዳል። ልጄን ሊጠይቁ ለመጡት ሽማግሌዎች እንኳ «በሠርጉ ቀን ታዩኛላችሁ» ብዬ ፎክሬባቸዋለሁ። እነሱ በወጡ ሰሞን ሸሚዝ ልለብስ ቀኝ እጄን ባነሳው ደረቴ ጋ ሲደርስ ቆመ። በቃ፣ አድማ መታ።

«ብርድ ነው» አለች ባለቤቴ። «ብርድ ነው» አለ ጎረቤቱ ሁሉ። የእንጦጦ ነፋስ ያን ሁሉ ሰው አልፎ የእኔን ትከሻ መረጠ ማለት ነው። በጋቢ ተጠቅልዬ፣ እጄን እንደ አራስ ልጅ አቅፌ ከረምኩ። ባቀፍኩት ቁጥር ይብስ ደረቀ። ዊንጌት አካባቢ አንድ ወጌሻ ዘንድ ብሄድ አንዴ ጎተተኝ፤ ጩኸቴ የሚሄድ ታክሲ አስቁሟል።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ የልጄ እኩያ ናት። እጄን ቀስ ብላ አነሳች፣ አዞረች።

«ጋሼ፣ ይሄ ብርድ አይደለም። የመገጣጠሚያው ሽፋን ተቆጥቶ ተኮማትሯል። ስኳር ተመርምረው ያውቃሉ?»

«እኔ ራሴ ስኳር ነኝ እኮ!»

«እሱን ደምዎ ይንገረን።»

ደሜ ስኳር የለበትም አለ፤ ባለቤቴ ቀድማ ነግራኝ ነበር።

«ለልጄ ሠርግ ይደርስልኛል?» አልኳት። «ከፋሲካ በኋላ ነው።»

«የትኛው ፋሲካ?»

ይለቃል፣ ግን ከዓመት በላይም ሊወስድ ይችላል አለችኝ። መጎተት የለም፣ አቅፎ መቀመጥም የለም። በሞቀ ፎጣ ማሟሟቅ፣ ከዚያ ጣቶችን እንደ ጉንዳን በግድግዳ ላይ ማስወጣት፤ ሕመሙ ሲጀምር ማቆም። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ «ውጣ! ውጣ እንጂ!» ትለኛለች፤ ራስ ዳሽንን የምወጣ ነው የሚመስለው።

ሠርጉ ደረሰ። ከበሮው ሲመታ እነዚያ ሽማግሌዎች ጎትተው አስነሡኝ። ግራ ትከሻዬ ጨፈረ፤ ቀኙ እንደ ዘበኛ ቆሞ አየው።

«አባትየው በአንድ ሞተር ነው እንዴ የሚበሩት?» ሲል አንዱ፣ ድንኳኑ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። ያኔ የሙሽራው ሴት አያት በሁለት ትከሻቸው መጡብኝ። ተሸነፍኩ። ድንኳን ሙሉ ሰው እያየ።

አያትየዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «አይዞህ ልጄ፣ የእኔም ደርቆ ነበር፤ ያውም ሁለቱም በየተራ። ግድግዳውን እየወጣህ ነው?»

«ኮርኒሱን ነክቻለሁ፣ እማማ!»

ውሸቴን ነው። የደረስኩት የመብራቱ ማብሪያ ጋ ነው፤ እሱም በእግሬ ጣቶች ቆሜ።