በእትዬ ዘነበች ጣት የተገኘችው የመርፌ ስባሪ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ አስቴር እባላለሁ፣ ቤቴል ሰፈር የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋዋ ነኝ። ዛሬ ልመሰክር የፈለግኩት ከዚህ በፊት እዚሁ መድረክ ላይ የመሰከርኩትን ለማቃናት ነው። በወረቀት ጽፌ መጥቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከልጆቼ ደብተር ላይ ስለሆነ ስደናቀፍ ታገሱኝ። በቃሌ ብናገር ደግሞ የሚያሳፍረውን እየዘለልኩ የሚያምረውን ብቻ እንደማወራላችሁ ራሴን አውቀዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በውኃ ጥም ነው። አንድ ጆግ ውኃ ጠጥቼ አልረካም። የደንበኛ ወገብ እየለካሁ "አንዴ ጠብቂኝ" ብዬ ሽንት ቤት እሮጣለሁ። የራሴን ቀሚስ በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አጠበብኩት። ደንበኞቼ "አስቴር፣ ቀጠንሽ እኮ፣ ምስጢሩን ንገሪን" ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ከጎኔ ጨርቅ የምትሸጥ ዘይነባ የምትባል ጎረቤት አለችኝ። እሷ ስኳር ካለባት ቆይቷል። አንድ ቀን ትክ ብላ አየችኝና "ይሄ ቁንጅና አይደለም። ነይ፣ ጣትሽን አምጪ" አለችኝ። በራሷ መለኪያ ጣቴን ወጋ አድርጋ ለካችኝ። ዘይነባ ሥራዋ ሁሉ ቀልድ ነው፤ ቁጥሩን አይታ ግን አልቀለደችም። ሱቋን ለሰው አደራ ሰጥታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። የስኳር በሽታ መሆኑ ተነገረኝ፣ የሚዋጥ ኪኒን ተሰጠኝ፣ ቀጠሮ ተያዘልኝ። ኪኒኑን ዋጥኩ፣ ሻዬን ያለ ስኳር ለመድኩት። ጥሜም ተወኝ፣ ስሙ ይባረክ።

ከዚያ ያ የጾም ጸሎት ጉባኤ መጣ። የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ። እንግዳው አገልጋይ "ስኳር ያለባችሁ ቁሙ" ሲል ቆምኩ። ሲጸለይልኝ ከማጅራቴ እስከ ወገቤ ሙቀት ወረደብኝ። ያንን ሙቀት ዛሬም አልክድም። ጌታ ነክቶኛል፣ ክብር ለእሱ ይሁን። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ከዚያ በኋላ ባደረግኩት።

ጉባኤው ሲያልቅ ዘይነባ ጋ ሄጄ ተለካሁ። ቁጥሩ የጤነኛ ሰው ቁጥር ነበር። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ስጾም የሰነበትኩ፣ ኪኒኔንም እየዋጥኩ የነበርኩ ሴት ነኝ፤ ቢወርድ ምን ይገርማል? እኔ ግን ይሄንን አላሰብኩም። በእሁዱ እየሮጥኩ እዚህ ወጣሁ። "ተፈውሻለሁ፣ ኪኒኑንም ጥየዋለሁ" አልኳችሁ። እናንተም እልል አላችሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ? አልጣልኩትም ነበር። ሱቄ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የማስቀምጥበት ጣሳ አለ። ከነጮቹ ቁልፎች ሥር ቀበርኩት። መዋጡን ትቻለሁ፣ መጣሉን ግን ፈራሁ። ይቺን ፍርሃት ለማንም አልተናገርኩም።

ባለቤቴ ታደሰ ዝምተኛ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ጠየቀኝ። "ሐኪሟ ተዪው ብላሽ ነው?"

"የፈወሰኝ የሐኪሞች ሐኪም ነው" አልኩት።

"አሜን። ታዲያ መለካቱ ምን ይጎዳል? ከዳንሽ ቁጥሩም ያንኑ ይናገራል።"

"መለካት መጠራጠር ነው ታዴ።"

ታደሰ በዚያው ተወኝ። ዘይነባ ግን ዝም የምትል አይደለችም። "እኔም ዱዓ አደርጋለሁ፣ ኪኒኔንም እውጣለሁ፤ ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም" ትለኛለች። ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ ስታየኝ ደግሞ "የሰፈሩን ወገብ ስትለኪ ትውያለሽ፣ የራስሽ ጣት ነው የሚያስፈራሽ?" እያለች ትስቅብኛለች። እኔም እስቃለሁ። ሆዴ ግን አይስቅም።

ምክንያቱም ጥሙ ተመልሷል። ሙቀቱ ነው አልኩ። ዓይኔ ክር ማስገባት ሲያቅተው መብራቱ ደክሞ ነው አልኩ። ከዚያ እግሬ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። ቀጥሎ ማቃጠል ጀመረኝ፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ አልችልም። በመጨረሻ ማቃጠሉ ቆመና ምንም የማይሰማኝ ሆነ። ወገኖቼ፣ እግሬ ምንም ሳይሰማው ሲቀር እኔ ዳንኩ ብዬ ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ስሜቱ ሞቶ እንደሆነ በየት በኩል ልወቅ?

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እህቶች ለእንግዶች "የተፈወሰችው አስቴር ናት" ብለው ያስተዋውቁኛል። ስሜ ሆነ። እንዴት ብዬ ስሜን ልመልስ? እሁድ በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ተነስቶ "ተለኪና አሳዪን" የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።

የእኛ የሴቶች ኅብረት፣ ለአዲሶቹ ልንገራችሁ፣ በዓመት አንዴ ከጾም ጸሎት በኋላ ጌታ እንዳደረገው አንዳችን የሌላችንን እግር እናጥባለን። በዚያ ዓመት ለእኔ የደረሱኝ እትዬ ዘነበች ናቸው። የጸሎት እናታችን ናቸው፣ ማን የማያውቃቸው አለ? የማጠቢያውን ሳፋ ሳብ አድርገው ከፊቴ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ግራ እግሬን አጠቡ። ቀኙን ያዙ። አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው እየጸለዩ ውስጥ እግሬን በጣታቸው ሲያሹ እጃቸው ድንገት ቆመ። ጸሎቱም ቆመ።

"አስቴርዬ፣ እዚህ ጋ የሚዋጋ ነገር አለ።"

"ምንም የለም እትዬ።"

"አለ እንጂ። ጣቴን ወጋኝ እኮ። አያምሽም?"

"ኧረ አያመኝም!" አልኩ። ደግሞ እንደ የምሥራች ነው ያልኩት፣ ፈገግ ብዬ።

እትዬ ዘነበች ፈገግ አላሉም። "እሱ ነው ልጄ ያስፈራኝ" አሉ።

ተጫን ሲያደርጉት መግል ወጣ። አጠገቤ የነበረችው እህት አይታ ፊቷን አዞረች። ከሁለተኛዋ ጣቴ ሥር የተሰበረች የስፌት መኪና መርፌ ተሰክታ ነበር። ወፍራም ጨርቅ ስሰፋ መርፌ ይሰበራል፣ ስባሪው መሬት ይወድቃል፣ እኔ ደግሞ መርገጫውን በባዶ እግሬ ነው የምረግጠው። ስንት ቀን ይዣት እንደዞርኩ አላውቅም። ይዣት ዘምሬአለሁ። ይዣት ከአየር ጤና ታክሲ ተጋፍቻለሁ።

ታደሰ በዚያው ቀን ሆስፒታል ወሰደኝ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ስኳሬን ስትለካው ዘይነባ መጀመሪያ ከለካችኝ ቁጥር በልጦ ተገኘ። ከዚያ "እናቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። እግርዎን በዚች ቀጭን ክር ስነካዎት አዎ ይበሉኝ" አለችኝ። ጨፈንኩ። ጠበቅኩ። ጠበቅኩ። ሲሰለቸኝ "ዶክተር፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?" አልኳት።

"ጨርሻለሁ እናቴ" አለችኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ታደሰ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

ሐኪሟ ሳትቆጣ አስረዳችኝ። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ብሎ ሲከርም ነርቭንና ትንንሾቹን የደም ሥሮች ይጎዳል። በእግር ጀምሮ፣ ዓይንንም፣ ኩላሊትንም ያገኛል። ደግሞ አይጮህም። "ቁስሉን እኛ እናጸዳለን፣ የኢንፌክሽን መድኃኒትም እንሰጥዎታለን። ስኳሩ ካልወረደ ግን ቁስሉ ለመዳን ይቸገራል። አጥንት ውስጥ ገብቶ ከሆነ ጣቷን እናጣለን። ከዚያ ካለፈ ስለ እግሩ እንነጋገራለን።"

"መኪናዬን የምረግጠው በእሱ ነው" አልኳት።

ተኛሁ። ኢንሱሊን ጀመሩልኝ። ያቺን መለኪያ ስሸሽ የኖርኩ ሴት፣ ነርሷ ልትለካኝ ስትመጣ ገና ከበሩ ዓይኗን ማየት ጀመርኩ። ዛሬ ወረደ? ትላንት ከነበረው ወረደ? እየጸለይኩ ጣቴን እሰጣታለሁ። አየሁት ወገኖቼ፣ መለካት ከጸሎት ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር ሆነ እንጂ መጠራጠር አልሆነም።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘነበች የአጃ ሾርባ በፔርሙዝ ይዘው መጡ። የአልጋውን ጠርዝ በእጃቸው እየዳሰሱ ተቀመጡ። ሾርባውን ሲቀዱልኝ ግማሹ ከኩባያው ውጪ ፈሰሰ።

"እትዬ፣ ዓይንዎን ምን ሆኑ?"

"ጉም ገባበት ልጄ። እግርሽን ያገኘሁትም እኮ ስለማላይ ነው። የሚያይ ሰው አጥቦ ያልፈዋል።"

"እርስዎም ስኳር አለብዎት እንዴ?"

ኩባያውን አስያዙኝና "ነበረብኝ" አሉ። "አንቺ የመሰከርሽ ዕለት ከኋላ ተቀምጬ ነበር። አስቴር ካመነች እኔ ምን ሆኜ ብዬ መድኃኒቴን ተውኩት።"

ወገኖቼ፣ የመርፌ ስባሪ ያላመመኝ ሴት ያን ጊዜ አመመኝ። ስለ እግሬ ስፈራ ነበር የሰነበትኩት፤ ለካ የሚያስፈራው ሌላ ነበር። እዚህ ቆሜ በተናገርኩት አንድ ቃል እናቴ የምላቸው ሴት ዓይናቸውን እያጡ ነው።

"እትዬ፣ እኔ እኮ አልጣልኩትም ነበር። ጣሳ ውስጥ ደብቄው ነበር" አልኳቸው።

እጄን ፈልገው ያዙና "እኔ ሞኟ የእውነት ጣልኩት" አሉ። ሳቅ ይሁን ሲቃ ለይቼ አላወቅኩትም።

ሐኪሟን ለመንኳት። "እኔን ተዪኝና እሳቸውን እዪልኝ" አልኳት። በዚያው ቀን ለካቻቸው፣ መድኃኒታቸውን አስጀመረቻቸው፣ ወደ ዓይን ሐኪም ላከቻቸው። ዓይናቸውን በሌዘር ጨረር ታከሙ። የግራ ዓይናቸው የጠፋው አልተመለሰም፤ ይሄንንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ። ቀኙ ግን ባለበት ቆሟል። ስኳራቸው እስከተጠበቀ ድረስ ከዚህ እንዳይብስ ትልቅ ተስፋ አለ ብሏቸዋል ሐኪማቸው።

የእኔዋ ሁለተኛ ጣት ተቆርጣለች። አጥንቷ ተበክሎ ነበር። እግሬ ግን ተርፏል። ስኳሬ ሲወርድ ቁስሉ ከዳር ከዳር መሰብሰብ ጀመረ፣ በብዙ ሳምንት ቀስ ብሎ ገጠመ። ለዚያች ለእያንዳንዷ ሳምንት ጌታ ይመስገን።

ከዳንኩ በኋላ ፓስተራችን ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ የጠየቀኝ "እግርሽ አሁን እንዴት ነው?" ብሎ ነው። ቀጥሎ አንገቱን ደፍቶ "ማይኩን የሰጠሁሽ እኔ ነበርኩ፤ ሐኪም አይቶሽ እንደሆነ አልጠየቅኩሽም። አሁንም የምሰጥሽ እኔ ነኝ" አለኝ። ይኸው ሰጠኝ።

አሁን ጠዋት ስነሳ እጸልያለሁ፣ እለካለሁ፣ መድኃኒቴን እወስዳለሁ። ከዚያ መስታወት መሬት ላይ አድርጌ ውስጥ እግሬን አያለሁ፣ በጣቶቼ መሃልም አያለሁ። ጫማዬን ሳላራግፍ አላጠልቅም። ሱቄ ውስጥ በባዶ እግር መሄድ ቀርቷል፤ ዘይነባ መጥታ ትፈትሸኛለች፣ "የጫማ ፖሊስ" ብያታለሁ። ጾም ሲታወጅ አስቀድሜ ሐኪሟን እጠይቃለሁ። በቅርቡ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር ስመረመር በጣም ወርዶ ተገኝቷል። የጠፋው ስሜት ላይመለስ ይችላል ተብያለሁ፤ የቀረኝን ለመጠበቅ ነው የምታገለው። መስታወቱን ባነሳሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። ዛሬም ጠዋት መቷል። ሰላም ሞልቶኛል ብዬ ብነግራችሁ ሁለተኛ መዋሸቴ ነው።

ከመካከላችሁ በእኔ ምስክርነት መድኃኒቱን የተወ ካለ፣ እጃችሁን አታንሱ፣ ወደፊትም አትውጡ። ወደ ሐኪም ተመለሱ ብቻ። ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ እኔ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ጌታን እመኑት። እኔን ስዋሽም አልጣለኝም፤ እውነት ስትናገሩ ይጥላችኋል ብላችሁ አትፍሩ።

ዛሬ የእግር ማጠብ ቀን ነው። እህቶቼ፣ ስታጥቡ አታሳልፉ፣ እዩ፣ ዳስሱ፣ ያማል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ የእትዬ ዘነበችን እግር ነው የማጥበው። ራሳቸው ዝቅ ብለው ማየት አይችሉምና እኔ አይላቸዋለሁ። እትዬ፣ ይምጡ፣ ውኃው ለብ ብሏል። እግሬ ሙቀት ስለማይለይ በክርኔ ሞክሬዋለሁ።