የንጋት ጥሩምባና የተጠገነው ጥርስ

ቶርቢዮርግ በባሕር ሰርጥ ዳር ባለችው ከተማዋ ለሃያ ስድስት ዓመት ደብዳቤ ስታድል የኖረች፣ በከተማውም የማርሽ ባንድ ጥሩምባ የምትነፋ ሴት ናት። በየዓመቱ በሜይ አሥራ ሰባት፣ በብሔራዊው በዓል ማለዳ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ቆማ ከተማውን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። ክብሩን ከአባቷ ወርሳዋለች፤ አንድም ዓመት አጉድላ አታውቅም።

ዘንድሮ ግን ፋሲካ ጣጣ ይዞ መጣ። እንደ አገሬው ወግ ብርቱካንና ቸኮላት በጀርባዋ አዝላ፣ በበረዶ መንሸራተቻ ተራራ ወጣች። ቸኮላቱ ከቦርሳው ጋር ባደረችበት የተራራ ጎጆ ደጅ አድሮ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። የሌላ ሰው ልጆችን ሁሉ «መጀመሪያ ብብታችሁ ሥር አሙቁት» እያለች የምትገሥጸው ሴት ራሷ ሳታሞቅ ገመጠችው። ቀጭ አለ። የተሰበረው ቸኮላቱ ሳይሆን የፊት ጥርሷ ነበር።

የጥርስ ሐኪሟ ጉድቬግ በዚያው ባንድ ቱባ የሚባለውን ትልቁን ጥሩምባ የምትነፋ ወዳጇ ናት። የተሰበረውን ቦታ በጥርስ ሙሊት ሞልታ አሳመረችላት።

«ለጥቂት ሳምንት ቀዝቃዛ ነገር ይነዝርሻል» አለቻት። «ለሚነዝር ጥርስ የተሠራውን ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ ተጠቀሚ፤ ከተፋሽ በኋላም በውኃ አትጉመጥመጪ። ስትነክሺ ካመመሽ ግን ዝም ብለሽ እንዳትቀመጪ፤ ነይ።»

ቶርቢዮርግ የታዘዘችውን ሁሉ ፈጸመች፤ መመለሱን ብቻ ተወችው። በነከሰች ቁጥር የታችኛው ጥርሷ ሙሊቱን ይገጨዋል፤ በግጭቱ የቆሰለውንም ድድ ከንፈር የሚገጥምበት የጥሩምባው አፍ ይጫነዋል። ይህን ብትናገር ኮረብታው ለሌላ ሰው እንዳይሰጥባት ፈራች።

በልምምድ ላይ ከፍተኛው ድምፅ ተሰነጠቀባት። የባንዱ መሪ ሃልቫርድ የመምሪያ ዱላውን አወረደ።

«አንቺ፣ ይኼ ጥሩምባ ነው ወይስ የታመመች ፍየል?»

ባንዱ በሳቅ ፈነዳ።

«ካልሆነልሽ ዘንድሮ ለሌላ እንስጠው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔ በሕይወት እያለሁ? መጀመሪያ አንተ ትቀየራለህ!»

ጉድቬግ ከቱባዋ ኋላ አንገቷን አሰገገች። «ሴትዮ፣ ከጥርስሽ አሽሽተሽ በአፍሽ ዳር ነው እንዴ የምትነፊው? ያምሻል አይደል?»

«ማን? እኔን?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ነገ ጠዋት ነይ።»

በማግሥቱ ጉድቬግ ባለቀለም ወረቀት አስነከሰቻት። በሙሊቱ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ታተመች፤ ከፀጉር የማይወፍር ትርፍ ኖሯል። ሞረደችውና፣

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «አንቺም በመደበቅ ሦስት ሳምንት ሙሉ ረድተሽኛል።»

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቁስሉ ጠገገ። የቀረው ብርድ ሲነካው መንዘሩ ነበር።

በበዓሉ ማለዳ ኮረብታው ውርጭ ለብሶ ጠበቃቸው። ቶርቢዮርግ የጥሩምባውን አፍ ነቅላ ከሱፍ ሹራቧ ውስጥ፣ ከብብቷ ሥር ሸጎጠችው።

«አሁን ገባሽ?» አለች አጅባት የወጣችው ጉድቬግ።

«ቸኮላቱ አስተማረኝ።»

ሰዓቱ ሲደርስ የሞቀውን ናስ ገጥማ፣ በአፍንጫዋ አየር ስባ ነፋች። ድምፁ ወጣ፤ ከፍተኛው ላይ ደረሰ፤ እዚያም ሳይሰነጠቅ ቆየ። ከታች መስኮቶች ተከፈቱ፤ ባንዲራዎችም በየግቢው ተራ በተራ ሽቅብ ወጡ።

«ፍየሏ ድናለች!» ሲል ሃልቫርድ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጮኸ።

ቶርቢዮርግ አፏን ከፍታ ልትስቅ ስትል ነፋሱ ጥርሷን ነዘረው። ከንፈሯን ገጥማ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ በአፍንጫዋ ሳቀች።